ሰርቪስ ቤት ያለው የሸራ ጀልባ

የወንድሜ ልጅ ቤዛ የሸራ ጀልባ እየነደፈች ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጤንነቱን እጠራጠር ነበር። ባሕር በሌለው አገር፣ ቦሌ ላይ፣ ሰባተኛ ፎቅ! ጀልባውንማ የሚሠሩት ቱርክ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የቤዛ ሥራ ሆዱን መከፋፈል ነው፤ አልጋው የት ይሁን፣ ሳሎኑ የት ይሁን፣ ማድቤቱ የት ይሁን። ባለቤቱ ሴራሚክ አስመጪ ነው አሉ። ክረምት ክረምት የአዲስ አበባን ጭቃ እየሸሸ፣ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር በሸራ ጀልባ ከደሴት ደሴት ሊንሸራሸር አስቧል። ያስብ፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። እኔን ቢሮዋ ድረስ የጠራችኝ ምሳ ልትጋብዘኝ ነበር። ከገርጂ መድኃኔዓለም ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኝ፣ እግሬ አብጦ፣ ሊፍቱ ውስጥ ራሴን በአራት በኩል በመስታወት እያየሁ ነው የወጣሁት። ሰው በሰባ ምናምን ዓመቱ ጀርባውን ሳይቀር እንዲያይ ማን ፈረደበት? ይህንንም ዲዛይን ይሉታል።

ማኪያቶ አስመጣችልኝ፤ ዋጋውን ደረሰኙ ላይ አየሁና ላለመናገር ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ወደኔ አዙራ፣ "አክስቴ፣ እስቲ እዪልኝ፤ ሐሙስ ለቱርኮቹ ይላካል። አንቺ ዱሮ ድራፍቲንግ ስትሠሪ እንደዚህ ዓይነት ነገር አይተሽ አታውቂም" አለችኝ። አየሁ። ነጭ እብነ በረድ። በሰንሰለት የተንጠለጠለ ወርቅማ መብራት። ጠርዙ ልሙጥ የሆነ የመስታወት ጠረጴዛ። ብርጭቆ የሚደረደርበት ቡፌ፣ ያውም መዝጊያው መቀርቀሪያ የሌለው። ሰው ከዳር እስከ ዳር የሚንከባለልበት ሰፊ አልጋ፣ ዙሪያው ክፍት። በመተላለፊያው ላይ አንድም የእጅ መያዣ የለም። "ይሄ ነገር ነፋስ ሲመታው በጎኑ እንደሚያጋድል ነግረውሻል?" አልኳት። "ትንሽ እንደሚያጋድል አውቃለሁ፤ ክላየንቱ ግን አፓርትመንቱን እንዲመስልለት ነው የሚፈልገው፤ ሞደርን፣ ክሊን የሆነ ነገር..." "ድንቄም ሞደርን! ማዕበል ሲመጣ መብራቱ ጥርሱን ያራግፍለታል፤ ያኔ ክሊን ይሆናል።" እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩባት፤ አላዘንኩላትምም። አምስት ዓመት ተምሮ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ እንደሚወድቅ የማያውቅ ሰው ይሳቅበት።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ጀልባው አፍንጫ ሄደ። አፍንጫ የምለው ውኃውን እየሰነጠቀ የሚሄደውን የፊቱን ሹል ጫፍ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ማድቤት ተወሽቃለች፤ ከማድቤቷ ወዲያ ደግሞ፣ ሹሉ ጥግ ውስጥ፣ አንዲት አልጋ፤ በላይዋ "ሰርቪስ" የሚል ጽሑፍ። ማኪያቶዬን አስቀመጥኩ። "ይቺ የማን ናት?" አልኳት። "የሞግዚቷ፤ ጀሚላ ትባላለች። የምታበስልላቸውም እሷ ናት። ኪችኑ እዚያ የሆነው ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ነው፤ ማዳም ናት እንዲህ ይሁን ያለችው" አለችኝ ቤዛ፣ ምንም ሳይመስላት። ሳቄ እዚያው ደረቀ። እኔ ይህን ጀልባ አውቀዋለሁ። ቤዛ ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ፣ ከዚያ ሕንፃ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ላይ፣ በገዛ እጄ ነድፌዋለሁ።

ወደቡ የእኛ በነበረበት ዘመን ነው። ቦሌ ማለት ያኔ አንድ ሰፊ መንገድ ነበር፤ ከአደባባዩ ተነስቶ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚያልቅ። በግራና በቀኝ አጥራቸው ጽድና ቦገንቪላ የለበሰ ቪላዎች፤ ከቪላዎቹ ጀርባ ደግሞ ጤፍ። ገርጂ ላይ ላም ይግጥ ነበር፤ ዛሬ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ በምተኛበት ቦታ። መገናኛ የሚባል ትርምስ አልነበረም፤ ላምበረት ደርሻለሁ ያለ ሰው ከከተማ ወጥቻለሁ ማለቱ ነበር። ታክሲ በስሙኒ፣ ማኪያቶ በስሙኒ፤ ስሙኒ የያዘ ሰው፣ ሰው ነበር። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ድራፍቲንግ ተምሬ ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ተቀጥሬያለሁ። አፍሮዬ በር አያስገባኝም፤ ቀሚሴ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ነው፤ የጫማዬን ተረከዝ ወፍራምነት አሁን ሳስበው ቁርጭምጭሚቴን ያመኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ መንገድ ስሄድ ከየቪላው ሬዲዮ ሳክስፎን ይሰማል፤ አትክልት የሚያጠጡት ዘበኞች እንኳ በዜማው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ይህን ስላችሁ ዘመኑ ደግ ነበር እያልኩ አይደለም። የዱሮን ዘመን እያሞገሱ የሚያለቅሱ እኩዮቼ ያቅለሸልሹኛል። ንቀት ያኔም ነበር፤ ልብሱ በልክ የተሰፋ ስለነበር ነው ያማረብን።

ከነዚያ ቪላዎች በአንዱ አንድ ኮማንደር ይኖር ነበር። የባሕር ኃይል ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ቢሮ ሰጥተውት ከባሕሩ አርቀውታል፤ ቢሮውን ይጠላው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚዞርበትን የሸራ ጀልባ ምጽዋ ላይ እያሠራ ነው። አካሉን እዚያው ይሠሩለታል፤ የውስጡ አልጋና መደርደሪያ ግን እዚህ ተሠርቶ በጭነት መኪና እንዲወርድ ፈልጓል። ለዚህ ነው ነዳፊ የፈለገው፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ እሑድ እንድሠራለት ቀጠረኝ። መጀመሪያ ቀን የነገረኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "የኔ ልጅ፣ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው። ጀልባ ውስጥ ቤቱም ይንቀሳቀሳል" አለኝ። አልጋ ጠባብ ይሁን፣ ጎኑ ላይ ሳንቃ ይኑረው፤ ሰው ተኝቶ እንዳይንከባለል። ጠረጴዛ ጠርዙ ጣት የሚያህል ከፍ ይበል። በየሁለት እርምጃው የሚጨበጥ ነገር ይኑር። ምድጃው ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ ይደረግ፣ ጀልባው ሲያጋድል ድስቱ ቀጥ እንዲል። ማድቤቱ ደግሞ መሃል ላይ፣ ደረጃው ሥር ይሁን፤ ምክንያቱም ጀልባ ልክ እንደ ልጆች የጣውላ ሚዛን ነው፣ መሃሉ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ጫፉ ግን ይነሳል፣ ይወድቃል። "አፍንጫው ላይ ሸራና ገመድ ይቀመጣል። እሳትና ሰው አታስቀምጪበት።" ይህንን በራሱ አፍ ነው የተናገረው፤ ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር።

ሥራው ደስ ሲል! ይህንን አልክድም፤ ከዚያ በኋላ በሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሥራ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አላውቅም። መጀመሪያ የሁሉንም ሰው ልክ ወሰድኩ። የኮማንደሩን ትከሻ፣ የሚስቱን ክርን፣ የልጆቹን ጉልበት፤ ሲቀመጡ፣ ሲያጎነብሱ፣ ተኝተው ሲገላበጡ። ወንበር የሚለካው በቂጥ ነው እያለ ኮማንደሩ ያስቀን ነበር። ከዚያ በወረቀት ብቻ አላበቃንም። መኪናውን ከጋራዥ አስወጥተን ዝናብ ላይ ጣልነውና፣ የጀልባውን ሆድ በሙሉ ልኩ በኮምፔንሳቶ ሳንቃና በሞራሌ እንጨት ጋራዡ ውስጥ አቆምነው። አንዱ አልጋው ላይ ይተኛል፣ ሌላው በአጠገቡ ያልፋል፤ ክርን ካገኘው እንቆርጣለን፣ ጭንቅላት ከነካ ዝቅ እናደርጋለን። ዛሬ ቤዛ ኮምፒውተሯ ላይ በጣቷ እያሽከረከረች ታሳየኛለች፤ አንድም ቀን ወለል ላይ ተኝታ አልሞከረችውም። ሰው የማይተኛበትን አልጋ መሳል ምን ይከብዳል?

የኮማንደሩ ሚስት ወይዘሮ አጸደ ትባላለች። ጊዜ ሲያልፍ ስለ ሁሉም ሰው ደግ ደጉን የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አይደለሁም። አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ ጋራዡ ውስጥ ገባችና ማድቤቱን ከሳሎኑ ጎን አየችው። "ምን? ሽንኩርት ሳሎኔ ውስጥ ሊጠበስ ነው? እንግዳ ተቀምጦ ገረዴ ድስት ስታማስል ሊያይልኝ?" አለች። ቀጥላም ዙሪያውን በዓይኗ ፈለገችና፣ "ሰርቪሱስ የታል?" አለች። የምትለው የቪላውን ሰርቪስ ቤት ነው፤ ከጓሮ ያለውን፣ ማድቤቱና የሠራተኞቹ መኝታ አንድ ላይ የሆነበትን፣ ከሳሎን መስኮት እንዳይታይ ጽድ የተተከለለትን። በዚያ መንገድ ላይ የነበረ ቪላ ሁሉ ሰርቪስ ነበረው፤ እሷም ያለ ሰርቪስ ቤት አይሆንም አለች። ሰርቪስ ያለው ጀልባ! ኮማንደሩ ስንቱን ወታደር ሲያዝ የኖረ ሰው፣ "አጸድዬ፣ የኔ ዓለም፣ ባሕር ላይ እኮ..." ብሎ ጀመረና አንድ ስኒ ሻይ ሳያልቅ እጁን ሰጠ። ወደኔ ዞሮ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "ማድቤቱን ወደ ፊት ውሰጂው፤ ከጎኑም አንድ አልጋ አድርጊ" አለኝ። እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቴ በቋሚነት እንዲቀጥረኝ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ምላጬን አነሳሁና ያንን የመሰለ መስመር ከወረቀቱ ላይ ፋቅሁት።

ገረዲቱ ዘነበች ትባላለች። የወሎ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ በቁመት ግን በበር ስታልፍ ጎንበስ የምትል ረጅም ሴት። ከቤቱ ሰው ሁሉ እሷ ብቻ ናት ልኳ ያልተወሰደ። ማድቤቱ ከገባ በኋላ በአፍንጫው ጥግ የተረፈው ቦታ ሜትር ከሃምሳ ነበር፤ አልጋዋም ሜትር ከሃምሳ ሆነች። እንዲህ ነው የነደፍኩት። አንድ ቀን ጋራዡን ልትጠርግ ገብታ፣ "እትዬ፣ ይቺ የኔ ናት አሉ" አለችና ጫማዋን አውልቃ ገባችበት፤ እንደ ሕፃን ደስ ብሏት ነበር። ወዲያው ግን ተቸገረች። "እግሬን የት ላድርገው?" አለችኝ። "አጥፈሽ ትተኛለሻ" አልኳት። ከወረቀቴ ላይ ቀና እንኳ አላልኩም። ያቺን ሃያ አንድ ዓመት የሞላትን፣ አፍሮዋን አጎፍራ የተቀመጠችውን ልጅ ዛሬ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት።

ከዚያ በኋላ ስንት ቤት ነደፍኩ መሰላችሁ። በሁሉም ላይ ያቺ ክፍል አለች፤ መስኮት የሌላት፣ ከቦታ ሁሉ መጨረሻ የምትመጣ፣ በሯ ማድቤት ውስጥ የሚከፈት። አሁንም በየመንገዱ "ላግዠሪ አፓርትመንት" እያሉ በየፎቁ ጥግ ላይ የሚወሽቋት እሷን ነው። ማስታወቂያው ላይ ሦስት መኝታ ቤት ይላል፤ እሷን አይቆጥራትም። ባለፈው ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ደላላ አንዱን ቤት ሲያሳየኝ በሯን ከፈተና፣ "ይቺ ማዘር፣ ለሠራተኛ ወይ ለዕቃ ትሆናለች" አለኝ። ለሠራተኛ ወይ ለዕቃ! ሰደብኩት፤ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ይቅርታ ጠየቀኝ።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ወይዘሮ አጸደ ጀልባዋን ለጓደኞቿ ልታሳይ አንድ እሑድ ከሰዓት ግብዣ ጠራች። ኮማንደሩ ደግሞ የኮምፔንሳቶውን ጀልባ በወፍራም ግንድ ላይ መሃሉን አስቀምጦ፣ ጫፍና ጫፉ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ እንዲል አድርጎ ነበር፤ አራት የቀን ሠራተኞች ከኋላ እየተጫኑ እየለቀቁ ያወዛውዙታል። ልክ ባሕር ላይ እንዳለን አቀማመጡን ለመፈተሽ ነው። ቤልቦተም የለበሱ ወንዶች፣ ጓንት ያደረጉ ሴቶች ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሬዲዮው ተከፈተ። ዘነበች አፍንጫው ላይ፣ ማድቤቷ ውስጥ ናት። ኮማንደሩ ድስቱ ባዶ ይሁን ብሎ ነበር። "እንግዳ ጠርቼ በባዶ ድስት ላጫውት?" አለች ወይዘሮ አጸደ፤ ሾርባው ከጀልባው ማድቤት ወጥቶ እንዲቀርብ ነው የፈለገችው። ሾርባ ቡታጋዙ ላይ ተጣደ። ማወዛወዝ ተጀመረ። ሳሎኑ መሃል ላይ ነው፤ ብርጭቆ እንኳ አይንቀጠቀጥም። "ምንም የለውም እኮ!" እያሉ ይስቃሉ። "ጨምሩበት! ጠንከር አድርጉት!" ይላሉ። እኔ ከጀልባው ውጭ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ፣ ባልተሸፈነው ጎኑ በኩል ነው የማየው። አፍንጫው ሜትር ሙሉ ይነሳል፣ ሜትር ሙሉ ይወድቃል። ዘነበች በአንድ እጇ ድስቱን፣ በሌላው ጣራውን ይዛ አየኋት። የምትጨብጠው መያዣ አልነበራትም፤ አልነደፍኩላትም። አንድ ጊዜ አየችኝ። "አቁሙ" ለማለት አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። ድምፅ ግን አልወጣም።

አልጮኸችም። መጀመሪያ የሰማነው የድስቱን ድምፅ ነው። አራቱ ሠራተኞች ደንግጠው ለቀቁት፤ ጀልባው ቆመ። ዘነበች ድስቱን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ቀሚሷ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየጤሰ፣ በእግሯ ቆማ ወደ ሳሎኑ ወጣችና፣ "እትዬ ይቅርታ፣ ሾርባው ፈሰሰ" አለች። ወይዘሮ አጸደ ያየችው ምንጣፉን ነበር። ኮማንደሩ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባት፤ ሆስፒታል ወሰዳት። እንግዶቹ ኬኩን ሳይበሉ አልሄዱም። ሦስት ሳምንት ቆይታ በዱላ እያነከሰች ወጣች፤ ወደ አገሯ በአውቶቡስ ላኳት። አልሸኘኋትም። አልጠየቅኋትም። አገሯ ወሎ መሆኑን እንጂ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ጀልባውም ባሕር አላየ፤ ዘመን ተለወጠና ኮማንደሩም የነበረውን ጥሎ ከአገር ወጣ፤ ኮምፔንሳቶው የሰፈር ዶሮ ቤት ሆነ። ደብዳቤዬ ግን ተጽፎልኛል። በዚያች ደብዳቤ ተቀጥሬ፣ በዚያች ደብዳቤ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጥሩ ወረቀት ላይ ነበር የተጻፈችው።

ይህንን ሁሉ ለቤዛ ነገርኳት። ያስመጣችልኝ ምሳ ቀዘቀዘ። ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣ "እሺ አክስቴ፣ ገብቶኛል። ግን ማዳም ሳይን ካላደረገች መቀየር አልችልም፤ አለቃዬ ይገለኛል" አለችኝ። "አለቃሽ ምን ቁርጥ አርጎት ይገልሻል! መቼ ነው የሚመጡት?" "ረቡዕ፣ በአራት ሰዓት።" "እኔም እመጣለሁ" አልኳት። "አክስቴ ሙች፣ እንዳትሳደቢብኝ።" "አልሳደብም፤ ልክ ነው የምወስደው።"

ረቡዕ ሜትሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ሰውየው ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ካልሲ የማያደርግ፣ አርባ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ሚስትየዋ ቆንጆ ናት፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መሃል እየተንሸራተተች ታወራለች፤ አንዱንም አትጨርስም። ከኋላቸው ጀሚላ ሕፃኑን አቅፋ ገባች። ቀይ፣ መለሎ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ልጅ፤ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ወንበር ያቀረበላት የለም፤ በሩ አጠገብ ቆመች። "አክስቴ ናት፤ ዱሮ የጀልባ ውስጥ ሠርታ ታውቃለች" አለች ቤዛ። "ዋው! ማዘር፣ እርስዎ?" አለኝ ሰውየው። ስለ ማድቤቱና ስለሚወዛወዘው ምድጃ ነገርኳቸው። አፍንጫው ምን እንደሚያደርግ፣ የፈላ ድስት እዚያ ምን እንደሚያደርግ፣ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ሚስትየዋ አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ "ኦ ማይ ጋድ፣ ሶ ሳድ" አለች። ከዚያ፣ "በት የወጥ ሽታ ሳሎን ውስጥ... አይ ዶንት ኖው" አለች። "ጥንቃቄ ማድረግ ነው እንጂ፤ ጀሚላ ጠንካራ ናት" አለ እሱ።

ተነሳሁ፤ ሜትሬን አወጣሁና ወደ ጀሚላ ሄድኩ። "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፤ ልጁን ለእናቱ ስጪና ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አልኳት። ግራ ገብቷት ቆመች። ትከሻዋን ለካሁ፣ ጉልበቷን ለካሁ፣ ቁመቷን ለካሁ። "ሜትር ከሰባ ሁለት። ቤዛ፣ ያቺ አልጋ ስንት ናት?" "ሜትር ከስልሳ" አለች ቤዛ፣ ጠረጴዛውን እያየች። "እንግዲህ ይህቺ ልጅ የምትተኛው እንዴት ነው? ንገሩኛ!" አልኳቸው። ድል ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን ሳቀ። ክፋት እንኳ አልነበረበትም፤ እውነትም መፍትሔ ያገኘ መስሎት ነው። "ታዲያ አጠር ያለች እንቀጥራለና!" አለ።

ቤዛ ደረቷ ድረስ ቀላች። እኔ ለመሳደብ ትንፋሼን ስወስድ ጀሚላ ቀደመችኝ። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ንግግሯም ለስላሳ ነው። "ጋሼ፣ እኔ መች እሄዳለሁ አልኩ?" አለች። "እንዴ?" አለ። "ፓስፖርት አውጪ አላችሁኝ፣ አወጣሁ። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ክረምቱን እናቴ ጋ ነው የምከርመው፤ ደሞ ውኃ አልወድም።" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "እማማ፣ እርስዎም ልኬን ወሰዱ እንጂ አልጠየቁኝም" አለችኝ፤ እንደ መሳቅም ብላለች። እውነቷን ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሜትር ሳልዘረጋ ቀርቼ ነው ያጠፋሁት ብዬ ስበሳጭ ኖሬ፣ ሜትሩን ስዘረጋም ያቺን አንዲት ጥያቄ ዘለልኳት። እነሱን ስንቅ እኔም እዚያው ከነሱ ጋር ቆሜያለሁ። እፍረቱ ፊቴን አጋለኝ፤ "ይቅር በይኝ" አልኳት፣ በሰው ፊት።

ሚስትየዋ ግን ሌላ ነገር ነበር የገባት። "ሶ ማን ነው የሚያበስለው?" አለች። ባልየው ወደ እሷ ተመለከተ። ቤዛም ተመለከተች። ሚስትየዋ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ራሷ ሳበችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ አቀማመጡን በእውነት አየችው። ጣቷን አፍንጫው ላይ አደረገች፤ ደረጃው የት እንዳለ፣ ከዚያ ማድቤት ለመውጣት ስንት በር እንደሚታለፍ በጥፍሯ ተከተለች። እንግሊዝኛው ጠፋባት። "ቤዚ፣ ይሄ ማድቤት ወደዚህ አይመጣም? እዚህ መሃል፣ ደረጃው ጋ?" አለች። "ሽታውስ?" አለች ቤዛ፤ የወንድሜ ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያመንኩት። "ምን ሽታ? መስኮት ይከፈታል! ምድጃውም ማዘር እንዳሉት የሚወዛወዘው ይሁን። መያዣም ይደረግ፤ በደንብ የሚጨበጥ፣ በሁለቱም በኩል።" ቤዛ ጣቷን ስታንቀሳቅስ ማድቤቱ ከአፍንጫው ተነስቶ መሃል ላይ አረፈ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ባልየው ባዶ የቀረችውን ሹል ጥግ እያየ፣ "ይቺ አልጋስ?" አለ። "እዚያማ ሻንጣ እናድርግበት" አለች ሚስትየዋ፣ "ሰው እንዴት እዚያ ይተኛል?" ጀሚላ ሕፃኑን ከእናቱ ክንድ ላይ ተቀብላ፣ በሩ ላይ ወደነበረችበት ተመልሳ ቆማ ነበር።